አሥራ አንዱ የጣሪያ ተሸካሚዎች

ሰፈሩ «ስኳድራ» ይላታል። ስሙ የወጣላት ስኳድራ የምትባለውን የብረት ማዕዘን መለኪያ ከኪሷ ስለማትለያት ነው። የጎረቤት በር ዘንበል ብሎ ካየች ሳትለካ አታልፍም፤ ከለካች ደግሞ ሳትናገር አታልፍም። በዚህ የተነሳ ሰፈሩ ውስጥ ብዙ ቀጥ ያሉ በሮችና ጥቂት የተቀየሙ ጎረቤቶች አሉ።

ብየዳ ከጀመረች ሃያ ዓመቷ ነው። ያስተማራት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ የብየዳ ቤቱም የእሱ ነው። የብየዳው እሳት ዓይኑን ጎድቶት ዛሬ ከብርሃንና ከጥላ በቀር እምብዛም አይለይም፤ በሩ ላይ ወንበሩን ዘርግቶ በጆሮው ነው የሚያሠራው። «ያ ብየዳ እየረጨ ነው፤ ቀንስ» ይላል ከተቀመጠበት ሳይነሳ። ሄደው ሲያዩት እውነቱን ነው። እህቱን ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ከበርና ከመስኮት አላሳለፋትም። «ጣሪያ ያለ መዶሻ አይወጣም፤ መዶሻ ደግሞ የወንድ ጉልበት ይፈልጋል» የሚላት ቃል አለችው። በእሱ ጊዜ የጣሪያው ተሸካሚ ግድግዳው ላይ አልገጥም ካለ በከባድ መዶሻ እየነረቱ ነበር የሚያስገቡት። ሰፈሩ ጣሪያ መውጣቱን የሚያውቀውም በዚያ ድምፅ ነበር።

ዘንድሮ የአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ሥራ መጣ። እሷም ወገቧን ይዛ ወንድሟ ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ ይህን ጣሪያ እኔ ልሥራው።»

«ሥሪው» አላት። «ከተበላሸ ግን ወደ መስኮትሽ ትመለሻለሽ። ሁለተኛ ጣሪያ ብለሽ እንዳታነሺብኝ።»

ሥራው ከግድግዳ ግድግዳ የሚደርስ አሥራ አንድ ባለ ሦስት ማዕዘን ተሸካሚ ነው፤ ሁሉም ከአንግል ብረት። አንግል ብረት ያ ከጫፉ ሲያዩት ገለጥ ያለ ደብተር የሚመስለው፣ ባለ ሁለት ክንፉ ነው። ተራ የካርቦን ብረት ስለሆነ ዝናብ ካገኘው ይዝጋል፤ ነገር ግን ቢቆርጡት፣ ቢበይዱት፣ ደግመው ቢቆርጡት አያኮርፍም። በዚህ ከብዙ ሰው ይሻላል።

የመጀመሪያውን ተሸካሚ ሲሚንቶው ወለል ላይ በጠመኔ ሥላ፣ ለክታ፣ ደግማ ለክታ ሠራችው። የሙያው ሕግ አንድ ነው፤ የቀረው ሁሉ ከመጀመሪያው ይለካል። ሁለተኛውና ሦስተኛው በዚሁ ሕግ ተሠሩ። ከዚያ የአዳራሹን ግንባታ የሚከታተለው መሐንዲስ መጣና «ለአሠሪዎቹ ላሳያቸው» ብሎ የመጀመሪያውን አስጭኖ ወሰደው። የጠመኔው ሥዕል ደግሞ በእግር ተረግጦ ጠፍቷል። የሰው በር ስትለካ የኖረችው ሴትዮ ያን ቀን ቸኮለች። ሦስተኛውን አንጥፋ አራተኛውን በላዩ ሠራች። ያለቀውን ማንሳት ከባድ ነውና አራተኛው እንደተነጠፈ አምስተኛውን በእሱ ላይ፣ ስድስተኛውን በአምስተኛው ላይ። ክምሩ ባደገ ቁጥር እሷም ደስ አላት።

ማክሰኞ ጠዋት አሥራ አንደኛውን ጨረሰችና ለወጉ ያህል ሜትር ዘረጋችበት። ሦስት ሴንቲሜትር ይረዝማል። ደግማ ዘረጋች፤ ያው ነው። ክምሩን ወደ ታች ለካችው፤ እያንዳንዱ ከታችኛው በጥቂት ሚሊሜትር ይበልጣል። ግድግዳው ላይ ያሉት ብሎኖች ሲሚንቶ ውስጥ የተቀበሩ ናቸው፤ ፈቅ አይሉም። ክሬኑ የሚመጣው ሐሙስ ነው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የሚሉት እንዲህ ነው።

ብረት ቆራጩ አብሯት አሥር ዓመት የሠራ፣ ጥርስ የማያስከድን ሰው ነው። «ሦስት ሴንቲ ምን አለው?» አለ። «ሐሙስ መዶሻ ይዘን እንወጣለን። ወንድምሽም ድምፁን ሲሰማ ደስ ይለዋል።»

ይህ ነበር የከነከናት።

«ተገዶ የገባ ብረት ቂም ይይዛል» አለችው። «ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ብየዳውን ሲጎትት ይኖራል። ከሥሩ የሚቀመጡት ልጆች ናቸው።»

«እንግዲያው በአንድ በኩል ብቻ ቆርጠን እናሳጥረው። ሥራው በግማሽ ይቀልልናል።»

«አናቱስ? እያንዳንዱ በየፊናው ወደ ጎን ይሄድና ጣሪያው የሰከረ ሰው ይመስላል። በሁለቱም በኩል ነው።»

«ስምንት ተሸካሚ፣ አሥራ ስድስት እግር?»

«አሥራ ስድስት።»

ቆራጩ ቀልዱን ዋጠና መነጽሩን አጠለቀ።

ስልክ አንስታ መሐንዲሱን የመጀመሪያውን ተሸካሚ ዛሬውኑ እንዲመልስ ነገረችው። ቀጥሎ የመጣው ከባዱ ነበር። ሄዳ ወንድሟ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«ጋሼ፣ ስምንቱን አበላሽቻለሁ። ከመጀመሪያው አለካሁም።»

«መዶሻው ከበሩ ኋላ አለ» አላት።

«መዶሻ አልነካም። ቆርጬ አስተካክላለሁ።»

«እናያለን» አለና ፊቱን አዞረ።

ሁለት ቀን ከቆራጩ ጋር ወገባቸውን ሳያቀኑ ሠሩ። እሱ ከየእግሩ ሥር የተበየደውን ላሜራ፣ ብሎን የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ዝርግ ብረት፣ ይፈታል፤ የተረፈውን አንግል ይቆርጣል፤ እሷ ላሜራውን በመጀመሪያው ተሸካሚ ልክ አስቀምጣ መልሳ ትበይዳለች። ብረቱ እንደ ልማዱ አላኮረፈም። ጣቶቿ ተጠበሱ፤ ዓይኖቿ አሸዋ የገባባቸው ያህል ቆረቆሯት። ቆራጩ «ሁለቱ ይቅሩ፣ ማን ያያቸዋል?» ሲላት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ረቡዕ ፀሐይ ሳትጠልቅ አሥራ ስድስተኛው እግር ልኩን ያዘ።

ሐሙስ ወንድሟ ሥራው ቦታ ድረስ ተመርቶ መጣና ከግድግዳው ፈንጠር ብሎ የብሎኬት ክምር ላይ ተቀመጠ። ክሬኑ አንዱን አነሳ፤ እሷ ግድግዳው ጫፍ ላይ ሆና እግሩን በእጇ መራችው። የላሜራው ቀዳዳ ብሎኑን ዋጠው። ዳዶውን በመፍቻ አሠረች። ሌላው ወጣ፤ ሌላውም። በየመሃሉ ወደ ወንድሟ ታያለች፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እያዳመጠ ነው። አሥራ አንደኛው ሲቀመጥ መሰላሉን ይዛ ቀስ ብላ ወረደች።

ወንድሟ ተቆጥቶ ጠበቃት።

«ምን ሆናችሁ ነው? ክሬኑ ሲጮህ አረፈደ፤ እናንተ ገና አልጀመራችሁም። መዶሻ የሚያነሳ ሰው ጠፋ?»

«ጋሼ፣ አሥራ አንዱም ወጥተዋል።»

ወንድሟ እጁን ወደ እሷ ዘረጋ። ክንዷን ይዞ ተነሳ፤ ወደ አዳራሹ እንድታስገባው ምልክት ሰጣት። ወለሉ ላይ የወደቁትን የጥላ መስመሮች በእግሩ እየተሻገረ አንድ፣ ሁለት እያለ አሥራ አንድ ደረሰ። ከዚያ ለእሱ የማይታየውን ጣሪያ ቀና ብሎ ተመለከተ።

«ታዲያ እኔ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይህን ሁሉ ዘመን ምን ስደበድብ ኖርኩ?»