የእግር እጣቢ ለጽጌረዳ

እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴን ከገጠር አምጥቼ ላሊበላ ቤቴ አስቀመጥኳቸው። ስኳር በሽታ አለባቸው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ለብቻዬ ጠርታ፣ «እግራቸው እየደነዘዘ ነው፤ ቢቆስሉም አይሰማቸውም። በየቀኑ እያጠብሽ እዪላቸው» አለችኝ። ለእሷ መናገር ቀላል ነው። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን የእንግዳ እግር ሲያጥቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የራሳቸውን ግን ለማንም አይሰጡም።

«እኔ ምን እንግዳ ነኝ? ለኔ ብለሽ ወገብሽን አታጉብጪ» ይሉኛል። ግትርነታቸውን ወርሻለሁና አውቀዋለሁ፤ በልመና የሚሆን አልነበረም።

ደጃፌ ላይ አንዲት ቀይ ጽጌረዳ አለችኝ። የእኛ ሰፈር ቧንቧ የሚመጣው ደስ ሲለው ነው፤ በጀሪካን የተጠራቀመ ውሃ አበባ ላይ ማፍሰስ ያስወቅሳል። አባቴም «የማትበላ፣ ለጠላ የማትሆን» እያሉ ይንቋት ነበር። አንድ ቀን የሚቀመጡባትን ዱካ አጠገቧ አስቀመጥኩና፣ «አባባ፣ ውሃ አጥታ ልትደርቅብኝ ነው። የእግርዎ እጣቢ ቢፈስላት ምን ይመስልዎታል?» አልኳቸው።

አንዴ እኔን፣ አንዴ ጽጌረዳዋን አዩ። «በይ፣ ለሷ ከሆነማ ይሁን» ብለው ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ ጀንበር ስታዘቀዝቅ እዚያው አጥባቸዋለሁ። ውሃው ወደ ሥሯ ይወርዳል፤ እኔ ተረከዛቸውን፣ የጣቶቻቸውን መሃል እያሸሁ አያለሁ። ሳሙናው እንዳይጎዳት ቀነስኩ፤ በበጋ ሥሯን ገለባ አለበስኳት። አማረባት። በጽጌ ጾም ጎረቤቶች ለቤተ ክርስቲያን አበባ ሲጠይቁ አባቴ ራሳቸው እየመረጡ ይሰጡ ጀመር። ወደዷት መሰለኝ፤ ጥፋቱም ከዚያው መጣ።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ጽጌረዳዬ ራቁቷን ቆማለች። አባቴ ቅርንጫፎቿን በማጭድ ከርክመው፣ ቅጠሏን አንድ ሳያስቀሩ መልምለዋል።

«ጌሾ እንዲህ ካልተመለመለ መች ያቆጠቁጣል?» አሉኝ፣ ኮራ ብለው።

«አባባ፣ ጌሾ እኮ አይደለችም!» ብዬ ጮኽኩ። በጣም ተናድጄ ነበር።

«ቁጥቋጦ ሁሉ ያው ቁጥቋጦ ነው» አሉ።

እንደ ወትሮው ሳጥባቸው ውሃው ቀላ። የጽጌረዳዋ እሾህ የጎማ ጫማቸውን በስቶ ውስጥ እግራቸው ላይ ተሰክቷል። ቀኑን ሙሉ ሲረግጡት ውለዋል፤ አልተሰማቸውም። ስኳር ያለበት ሰው በእንዲህ ያለ ትንሽ ቁስል እግሩ ሲቆረጥ አይቻለሁ። ያን ጊዜውኑ ጤና ጣቢያ ወስጄ አስነቀልኩላቸው። ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ ፍርሃቱ ምግብ እንኳ ከለከለኝ።

እንደዳኑ ዶማ ይዤ ልነቅላት ወጣሁ። ስትከረከም ያዘንኩላት እኔው፣ አሁን ዓይኗን ማየት አስጠላኝ።

አባቴ በራፉ ላይ ሆነው ያዩኛል። «ተያት» አሉ።

«ለእግርዎ ብዬ ነው፣ አባባ።»

«እሱማ ገብቶኛል። ከመጀመሪያውም ገብቶኛል» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሷን ከነቀልሽ በምን ሰበብ ታጥቢኛለሽ? እኔ እንደሆንሁ፣ ልጄ፣ እጠቢኝ ማለት አይሆንልኝም።»

ዶማውን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩና ውሃ ላሞቅ ገባሁ።