የቀደድኩት እኔ ነኝ
ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ በጥርስ ሐኪሟ ቤት ግን እንቁላል የሚሄደው ወደ መጥበሻ ብቻ ነበር። ማታ ማታ ጥሬ እንቁላል ይዛ ትቀመጥና ቅርፊቱን በመሰርሰሪያ በስሱ ትፍቃለች፤ ከሥሩ ያለውን ነጭ ሽፋን ሳትቀድ ለማላቀቅ ትታገላለች። የተቀደደው የቤተሰቡ እራት ይሆናል። ባሏ ሁለት ወር ሙሉ እንቁላል በልቶ፣ ከእንግዲህ የቀረኝ ጎህ ሲቀድ እንደ አውራ ዶሮ መጮህ ነው እያለ ይቀልድ ነበር።

ለእሷ ግን የቀልድ ነገር አልነበረም። የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ሲወልቅ አጥንቱ ይሳሳል፤ ከአጥንቱ በላይ ደግሞ ከአፍንጫ ጋር የሚገናኝ ባዶ ክፍተት አለ። አዲስ ጥርስ እንዲተከል እንደ እንቁላሉ የሳሳውን የክፍተቱን ሽፋን ሳይቀዱ ወደ ላይ አንስቶ ከሥሩ የአጥንት ዱቄት መሙላት ያስፈልጋል። እጇ እስኪለምድ ድረስ ሰው አልነካችም። ያን ትዕግሥት ከየት እንዳመጣችው አንድዬ ይወቅ።

የዚህ ሕክምና የመጀመሪያዋ ታካሚ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ፤ ብቅ ሲሉ መምህራን ሳይቀሩ ክራቫታቸውን የሚያስተካክሉላቸው። ሽፋኑን አንስታ ልትጨርስ ጥቂት ሲቀራት ተቀደደባት፤ ቀዳዳው በልጥፍ የሚደፈን አልነበረም። ሐኪሟ ዱቄቱን ሞልታ ብትሰፋው የሚያውቅባት የለም፤ ከወራት በኋላ ቢያመረቅዝ እንኳ "አስነጥሰው ሽፋኑን ቀደውት ይሆናል" ማለት ይበቃል። ከእሷ በፊትም እንዲህ ያለ ሐኪም አይጠፋም። ረዳቷ ነርስ የዱቄቱን ሳህን ይዛ ዐይን ዐይኗን ታያለች።

ሐኪሟ ሳህኑን መለሰችው። ድዱን ሰፍታ፣ ጭምብሏን አውልቃ፣ ከሴትዮዋ ፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"የቀደድኩት እኔ ነኝ፣ እማማ። ዛሬ አልሆነም። እስኪድን አራት ወር መጠበቅ አለብዎት። ከዚያ ሌላ ሐኪም ከፈለጉ ወረቀቱን እኔ እጽፍልዎታለሁ።"

ሴትዮዋ የደነዘዘ አፋቸውን በመሐረብ ጠርገው፣ ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ። ያን ሰሞን ሐኪሟ እህል በአፏ ዞረ ማለት ያስቸግራል፤ ልምምዷን ግን አላቆመችም።

አራት ወር በሞላ በሳምንቱ ሴትዮዋ ሳይደውሉ መጡና የሕክምናው ወንበር ላይ ጋደም አሉ። ሐኪሟ ሌላ ሐኪም አግኝተው እንደሆነ ፈራ ተባ እያለች ጠየቀቻቸው።

"አልፈለግኩም" አሉ። "አርባ ዓመት ስንቱን ልጅ አሳደግኩ። ሳልይዘው በራሱ አፍ 'ያጠፋሁት እኔ ነኝ' ያለኝ ሁለት ብቻ ነው። ሦስተኛዋ አንቺ ነሽ። በይ ጀምሪ።"

አፋቸውንም ከፈቱ።