ፍሬን ውስጥ የገባው የወጥ ዘይት

ባለፈው ሳምንት የቡ ከምትባለው የገጠር ከተማ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ቁልቁለቱን ሲጀምር፣ ቀኝ እግሬ ሳላስበው የመኪናውን ወለል ጫን አለ። አጠገቤ አቮካዶ የሞላ ዘንቢል ጭኗ ላይ አቅፋ የተቀመጠች ሴት እግሬን አየችና ሳቀች።

«እህቴ፣ አንቺ ነሽ እንዴ የምትነጂው?»

አፍሬ እግሬን ሰበሰብኩ። ትንሽ እንደሄድን ግን መልሶ ጫነ። ለሴትዮዋ ላስረዳት ብፈልግም ከማላውቀው ሰው ጋር ወሬ መጀመር ድሮም አይሆንልኝም፤ ስለዚህ በመስኮቱ የቡናውን ጥላ ዛፎች ሳይ መጣሁ። ለእሷ ያልነገርኳትን እዚህ ልጻፈው።

ነገሩ የሆነው ከዓመታት በፊት ነው፤ ያኔ በቾ ቦሬ በሚባል ሰፈር ከእናትና አባቴ ጋር ነበር የምኖረው። ስድስተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ እማ ጉልበቷን ታመመችና ቤት ቀረሁ፤ ወንድሜ ሌላ ከተማ ይማር ነበር። የአባቴ ፒካፕ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች። ነጭ ናት፤ የግራ በሯ ግን ከሌላ መኪና የመጣ ስለሆነ ሰማያዊ ነው። አባ በቡና ለቀማ ወቅት የቡ አካባቢ ካሉ ገበሬዎች እሸት ቡና እየጫነ ወደ መፈልፈያው ያመላልስባታል፤ በሌላው ጊዜ ሙዝም ይሁን አጠና፣ የሰርግ ወንበርም ይሁን የተገኘውን ይጭናል።

ጋራዥ አይወስዳትም። «ሌላ ሰው ያጠበቀውን ቡሎን አምኜ ቁልቁለት አልወርድም» ይል ነበር። የእኛ ጋራዥ ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለው የቆርቆሮ ጥላ ነው። ክሪኩ እዚያ ነው፤ ብረት የሚይዘው ሞርሳ ግንድ ላይ ተመቷል፤ ቁልፎቹ እንደ መጠናቸው ምስማር ላይ ተሰቅለዋል፤ መሃላቸው ደግሞ የእማ ወንፊት ይንጠለጠላል። አባ ዕቃ በናፍጣ የሚያጥብበት ድስት ራሱ የእማ ነበር። እማ ባየችው ቁጥር «ሸምሱ፣ አንድ ቀን ጎማ ቀቅለህ ታበላናለህ» ትለዋለች። እሱም ከመኪናው ሥር ሆኖ «ጨው ካልረሳሽ እበላለሁ» ይላታል።

እኔ ያንን ቦታ እወድ ነበር፤ ብዙ መናገር አያስፈልገውም። አባ «አሥራ ሁለት» ሲል አሥራ ሁለት ቁልፍ አቀብላለሁ፤ «ፒንሳ» ሲል ፒንሳ። ሰው ፊት የሚጠፋብኝ እጄ እዚያ አይጠፋብኝም ነበር።

የኋላ ጎማ ፍሬን ማንጠባጠብ የጀመረው ቡናው በደንብ መቅላት በጀመረበት ሰሞን ነው። አባ የውስጡን ላስቲክ ቀየረና ከሰዓት በኋላ አየሩን ለማስወጣት እኔን ጋቢና ውስጥ አስቀመጠኝ። የእኔ ሥራ ፔዳሉን መርገጥ ነው። እሱ ከሥር ሆኖ ይጮሃል፤ «ርገጪ፣ ልቀቂ፣ ርገጪ፣ ያዢ!» ስይዝ የአየር ማስወጫዋን ቡሎን ላላ ያደርጋታል፤ ዘይቱ ከአረፋ ጋር ጭርር ብሎ ይወጣል፤ ያጠብቃታል። አየሩ ተሟጦ እስኪወጣ ይህ ይደጋገማል፤ የወጣው ዘይትም ከላይ ይተካል።

መሃል ላይ ዝናብ ወረደ። የጥቅምት ዝናብ ነው፤ ማስጠንቀቂያ የለውም። አባና እኔ የተዘረገፈውን ዕቃ እያፈስን ወደ ማድ ቤት ሮጥን፤ ቁልፉ፣ ድስቱ፣ የፍሬን ዘይቱ፣ ሁሉም በተገኘበት ተቀመጠ። የፍሬን ዘይቱ ቆርቆሮ ዝጎ ስለነበር አባ ወደ ውሃ ፕላስቲክ ገልብጦት ነበር። እማም የምግብ ዘይት ከሱቅ የምታመጣው በእንደዚያው ያለ የውሃ ፕላስቲክ ነው። ቀለማቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ቢጫ። ዝናቡ ሲያባራ እኔ ፔዳሉን ይዤ ጋቢና ውስጥ ነበርኩ፤ አባ ማድ ቤት ገብቶ አንዱን ፕላስቲክ አንስቶ ወጣ። ሥራው አለቀ። ግቢ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ ነዳት፤ ፍሬኑ ቀጥ አድርጎ ያዘ። «አልሐምዱሊላህ» አለና እጁን ታጠበ።

በማግስቱ ሱብሂ ሰግዶ ቡና ሊጭን በፒካፗ ወጣ። ረፋዱ ላይ እማ ሽንኩርት ልታቁላላ ዘይት ጠብ አደረገች። ወዲያው ስትስል ሰማኋት።

«ፈትያ! ነይ እስቲ፣ ይሄን አሽትቺ። ባለሱቁ ምን ሸጠልኝ?»

ገና በሩ ላይ ስደርስ አወቅኩት። ከድስቱ የሚወጣው ጭስ የጋራዡ ሽታ ነበር። ማመን ግን አልፈለግኩም። ጣቴን ከፕላስቲኩ ነክሬ ቧንቧ ሥር ያዝኩት። ውሃው ጠርጎት ሄደ። የምግብ ዘይት ያለ ሳሙና እንዲህ አይለቅም፤ የፍሬን ዘይት ግን ከውሃ ጋር ይሄዳል፤ ይህን ያሳየኝ አባ ነው። ወደ ጥላው ሮጬ ከቁልፎቹ አጠገብ የቆመውን ፕላስቲክ ከፈትኩ። የወጥ ዘይት ነበር፤ አብዛኛው አልቋል።

«እማ፣ አባ ፍሬኑ ውስጥ የጨመረው የምግብ ዘይት ነው።»

እማ ማማሰያውን እንደያዘች ቆመች። «ታዲያ ምን ያደርጋል?»

«አላውቅም። ፍሬኑ ሊጠፋ ይችላል።»

ስልክ ደወልን። መኝታ ቤት ውስጥ ጮኸ። አባ ቻርጅ ላይ ትቶት ሄዷል። እማ ስልኩን በዓይኗ ስታየው ፊቷ አመድ መሰለ። «ያ ረቢ» አለች፤ ከዚያ ወደ ጉልበቷ አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ።

ብቻዬን ከከተማ ወጥቼ አላውቅም ነበር። የፍሬን ዘይቱን ፕላስቲክ በፌስታል አድርጌ፣ ሻሼን አጥብቄ ወጣሁ። መናኸሪያው ለምን ያን ያህል እንደሚጮህ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ረዳቱ የት እንደምወርድ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«ምን አልሽ?»

ደገምኩለት።

«እህቴ፣ ለእኔ ነው ወይስ ለራስሽ የምትነግሪው?» አለ፤ ሰው ሳቀ። ሌላ ቀን ቢሆን ወርጄ ቤቴ እመለስ ነበር።

መንገዱን ሁሉ በሐሳቤ የማየው አንድ ነገር ብቻ ነው። አባ ቡናውን የሚጭነው አባ መጫ ከሚባሉ ሽማግሌ ደጅ ነው፤ ከየቡ ወጥቶ በጥርጊያ መንገድ ሽቅብ ይኬዳል። አንድ ጊዜ ይዞኝ ሄዶ ስለነበር አውቀዋለሁ። ከእሳቸው ደጅ ሲወረድ ከቁልቁለቱ ግርጌ መንገዱ ይታጠፋል፤ እጥፋቱ ላይ ምንጭ አለ፤ ምንጩ ላይ ሁልጊዜ ውሃ የሚቀዱ ልጆች አሉ። አባ ቡናውን ጭኖ ሲወርድ፣ ሲረግጥ፣ ፔዳሉ ወለል ድረስ ሲሰምጥበት አየሁ። ልጆቹን አየሁ። ዓይኔን ስጨፍን ይብስ ነበር። ሚኒባሱ በቆመ ቁጥር ከዚያ የሚመጣ ሰው ወሬ ይዞ የሚሳፈር ይመስለኝና በሩን አያለሁ።

የቡ ወርጄ ጥርጊያውን ያዝኩ። ዝናብ ያረሰው ቀይ አፈር ጫማዬ ላይ ይለጠፋል። ሰው ሁሉ ለቀማ ላይ ነው፤ የበሰለ እሸት ቡና ጣፋጭ ሽታ ከየጓሮው ይመጣል። ያንን ሽታ እወደው ነበር፤ የዚያን ቀን ግን አፍንጫዬን በሻሼ ሸፍኜ አለፍኩ። ምንጩ ጋ ስደርስ ልጆቹ አሉ፤ ውሃ ይረጫጫሉ። መንገዱ ላይ ምንም የለም። ቆሜ ተነፈስኩ። ቅርጫት አዝላ የምትወርድ ሴት አገኘሁና ጉሮሮዬን ጠራርጌ ጠየቅኋት።

«እትዬ፣ አንድ በሩ ሰማያዊ የሆነ ነጭ ፒካፕ አላዩም?»

«ኤዬን፣ አይቻለሁ። እላይ መንገድ ላይ ቆሞ ይጨሳል። ሰው ከቦታል።»

ከዚያ በኋላ የጠየቅኩት የለም። ዳገቱን ሮጥኩ።

ፒካፗ ከአባ መጫ ደጅ ብዙም ሳትርቅ፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ባለው ሜዳ ላይ፣ ጆንያ እንደተሸከመች ቆማለች። ከኋላ ጎማዎቿ ጭስ ይወጣል። አባ ተንበርክኮ ቸርኬው ላይ ውሃ ሲያፈስ ውሃው እንደ መጥበሻ ይንጫጫል። ቀና ሲል አየኝ። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። ጣሳው ከእጁ ወደቀ።

«እማሽ ምን ሆነች?»

መናገር አቃተኝ፤ ትንፋሼ አልቋል።

«ፈትያ፣ እማሽ ምን ሆነች!»

ራሴን ነቅንቄ ፌስታሉን ሰጠሁት። ፕላስቲኩን ከፈተ፣ አሸተተ፣ ኮፈኑን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ሽንኩርት ብቻ ነው የቀረው» አለ።

አባ መጫ ከዘራቸውን ተደግፈው ሳቁ። እኔ ግን አልገባኝም ነበርና ፍሬኑ መጥፋት አለመጥፋቱን ጠየቅኩ። አባ ነገሩን አስረዳኝ። የምግብ ዘይት የፍሬኑን ላስቲክ ያሳብጠዋል፤ ያበጠው ላስቲክ የረገጡትን ፍሬን መልሶ አይለቅም፤ ጎማዎቹ እንደተያዙ ይቀራሉ። መንገዱን ሁሉ መኪናዋ መቆም ያቅታታል ብዬ ስፈራ፣ እሷ መሄድ አቅቷት ቆማ ነበር።

ቀኑ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ጆንያ ውስጥ የታጨቀ እሸት ቡና ግን አይጠብቅም፤ ይሞቃል፣ ይቦካል፤ በዚያው ቀን መፈልፈያው ካልደረሰ አይቀበሉትም። አባ አሥር ቁጥር ቁልፍ አነሳና በየጎማው ያለችውን የአየር ማስወጫ ቡሎን እየዞረ አላላ። ዘይቱ ፈሰሰ፤ ጎማዎቹ ተላቀቁ። አሁን መኪናዋ ትሄዳለች። ፍሬን ግን የላትም።

«የያዝሽውን የፍሬን ዘይት ብጨምረው እንኳ ላስቲኩ ተበላሽቷል፣ መልሶ ይይዘኛል» አለ። «አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ቀስ እያልኩ ብወርድ ሞተሩ ይይዛታል። ከታች መንገዱ ለጥ ያለ ነው።»

አባ መጫ ከዘራቸውን መሬት ላይ ጫን አደረጉ። «ሸምሱ፣ ምንጩ ላይ ልጆች አሉ።»

«ሰው ልከን ዞር እናስደርጋቸዋለን፣ አባ መጫ። ኢንሻአላህ ምንም አይደርስም። የእናንተ ልፋት እኔ እጅ ላይ ይቡካ?»

የከበቡት ገበሬዎች ወደ ጆንያዎቹ አዩ፤ የሁሉም ቡና እዚያ ላይ ነው። አባ ጋቢና ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። አትሂድ ማለት ፈለግኩ። ወንዶቹ ሁሉ ግን ቆመዋል። አባትን ሰው ፊት አትሂድ ማለት እንዴት እንደሚባል አላውቅም ነበር። ዞሬ በሌላው በኩል ሄድኩ፣ በሩን ከፈትኩ፣ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«አብሬህ እወርዳለሁ።»

«ውረጂ። በሚኒባስ ትመጪያለሽ።»

«ሞተሩ ይይዛታል ብለሃል አይደል አባ?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲህ ከያዛት እኔንም ይይዘኛል።»

በሩን ዘጋሁ። አባ አየኝ። ከፊቱ ያለውን ቁልቁለት አየ፤ መልሶ እኔን አየ። ሞተሩ ጋቢናውን ያንቀጠቅጠዋል። ደጅ ያሉት ሰዎች የምንባባለውን አልሰሙም፤ ለምን እንደቆምን ግራ ገብቷቸው አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ከዚያ አባ ቁልፉን አዞረና ሞተሩ ዝም አለ።

ጆንያዎቹ ወረዱ። ቡናው አባ መጫ ግቢ ሰሌን ላይ ተሰጣ፤ ደርቆ ከነገለባው፣ በጀንፈልነቱ ይሸጣል፤ ዋጋው እንደ እሸቱ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። ሲያሰጡ ጥቂቶቹ አጉረመረሙ፤ አባ አንገቱን ደፍቶ ሰማቸው። የአባ መጫ ባለቤት ትኩስ ጎደሬ በዳጣ አቀረቡልን። «ብዪ፣ ሀዳኮ፣ የእኔ እናት፣ ፊትሽ ቀለም የለውም» አሉኝ። ዳጣው ዓይኔን አስለቀሰኝ፤ ሌላው እንባም አብሮ ሾልኮ ወጣ፤ ማንም አልለየውም።

በሚኒባስ ተመለስን። አባ መንገዱን ሁሉ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያይ ነበር። የተቆጣኝ መስሎኝ ነበር። እማ በር ላይ ቆማ ነበር፤ አባ ሲገባ ትከሻውን በመዳፏ ገፋችው፤ ከዚያ ግንባሯን እዚያው አሳረፈች። ማታ ወጥ ያለ ዘይት በላን።

አባ በሳምንቱ አዲስ ላስቲክ ገዝቶ ወጣና መኪናዋን እዚያው ጠግኖ ይዟት መጣ። ስለዚያ ቀን ሰው ሲጠይቀው «አልነሳ አለችኝ» ነው የሚለው። እኔም አርሜው አላውቅም።

አሁን አርጅቷል፤ መኪናዋንም ወንድሜ ይነዳታል። እኔም ካገባሁ ወዲህ ቤቴ ከእነሱ አጥር ማዶ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ግን አባ አንድ ነገር ጀምሯል። ለማንም ነግሮ የማይወጣ ሰው፣ ከመውጣቱ በፊት እኔ ካለሁበት ይመጣና «ፈትያ፣ ልሂድ?» ይለኛል። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ቀልድ ግን አልነበረም፤ መልሴን ይጠብቃል። ዛሬም ጠዋት ለመስጊድ ብቻ፣ በእግሩ፣ አጥሩ ጋ መጥቶ ጠየቀኝ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር መንገዱን አየሁ፤ ጫማውን አየሁ፤ ባጃጆቹ እንዴት እንደሚበሩ አሰብኩ። ፍርሃቴ ከእኔ ጋር አርጅቶ ይሆናል እንጂ አልለቀቀኝም። የሚወዱትን ሰው ሂድ ማለት ይህን ያህል ከባድ እንደሆነ ያኔ አላውቅም ነበር።

አባ ቆሞ ጠበቀ።

«ሂድ፣ አባ» አልኩት።