ባዶ ወንበር የማትወድ መኪና

የእህቴ ልጅ አዲሷን የኤሌክትሪክ መኪናውን ይዞ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ የመጣው፣ ደብረ ኤልያስ ሽማግሌ ሆነን እንድንሄድለት ነበር። የወደዳትን ልጅ ካጣ አይተርፍም ብላኛለች እናቱ። ወላጆቿን አናውቃቸውም። አግቢ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ነውር ነው። እሱ ግን መኪናዋን ለሌላ ሰው ከመስጠት ነውሩ ስለቀለለው፣ «ሹፌር ነኝ እላለሁ» ብሎ መሪ ጨበጠ። እኔ ከፊት፣ የነፍስ አባታችን ከኋላ ተቀመጥን። ሦስተኛው ሽማግሌ ጉንፋን ጥሎት ቀረ።

ከከተማ ሳንወጣ የእህቴ ልጅ ስብከት ጀመረ። ወደፊት መኪና ያለ ሹፌር ይሄዳል፤ ሰፈርተኛው በጋራ ይሳፈርበታል፤ ጥቂቱ ለብዙ ሰው ይበቃል፤ የነዳጅ ሰልፍ ይቀራል፣ ጭስ ይጠፋል። ትንሽ ብንታገሰው ሞትም ይቀራል ሊል ነበር።

«እኛን አድርሶ ሲመለስ ማንን ይጭናል? ነፋስ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ቁም ነገሩ እሱ ነው! ባዶውን ከዞረማ ኃይሉ በከንቱ ፈሰሰ። መንገድ ላይ ያገኘውን ይጭናል እንጂ።»

«ታዲያ ከአባ ጎን ያለው ወንበር ምን ቤት ነው? ቁም!»

መንገድ ዳር ዶሮ የታቀፉ እናት ቆመው ነበር፤ ጫንናቸው። ዶሮዋ አዲሱ ወንበር ላይ ያደረገችውን አልናገርም። የእህቴ ልጅ ፊት ግን የሐምሌ ሰማይ መሰለ።

«ሹፌሩ ልጅዎ ነው?» አሉኝ።

የአገሩን ሁሉ ኑዛዜ የሚጠብቁት አባ ቀደሙኝ። «የምን ሹፌር! አግቢው ራሱ ነው እንጂ!»

ሳቅን። እናት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው፣ የእህቴ ልጅ ለሳቸውም ስለሰበከላቸው ሹፌር አልባ መኪና ሲጠይቁ ሲጠይቁ ደብረ ኤልያስ ጫፍ ወርደው በአቋራጭ ሄዱ።

እኛ ቤቱን አጠያይቀን ደረስን። አግቢያችን መኪናው ውስጥ አቀርቅሮ ተደበቀ። በወጉ ቆመን ልጅቱን ጠየቅን። አባትየው «እናቷም ትስማ» ብለው ወደ ጓዳ ተጣሩ።

ቀድማ የወጣችው ዶሮዋ ናት።

«ሽማግሌዎች፣» አሉ እናትየው፣ «ሹፌር የሌለው መኪና የሚመኝ ሰው፣ ነገ አባወራ የሌለው ቤት ቢያምረውስ? ደግሞ ሽማግሌ ጭኖ የሚመጣ አግቢ በየት አገር አለ?»

የአባትየው ፊት ተለወጠ። አባ መስቀላቸውን ዳበሱ። ለቅሶ ቤት እንኳ ከቀልድ የማላርፈው እኔ መውጫ በሩን ማየት ጀመርኩ።

«ግን ሚኒባሱ ሁሉ ሞልቶ ሲያልፈኝ ቆሞ የጫነኝ እሱ ነው። ቀጠሮ እንስጣቸው» አሉ እናትየው።

ቁም ያልኩት እኔ እንደሆንኩ ማን ያስታውስ!

መኪናው ጋ ስንመለስ የእህቴ ልጅ ቀና አለ። «ሰጡን?»

«ቀጠሮ ሰጡን። ያን ቀን የልጅቱን አክስቶች ከየመንገዱ እየለቀምክ ታመጣለህ። ባዶ ወንበር እንዳይገኝ ተብሏል» አልኩት።

«ስንት ናቸው?»

«የጎጃም አክስት ይቆጠራል እንዴ? ያውም ዶሯቸውን ሳንጨምር።»