ቀድሞ የተከፈለ ስለት

እትዬ ቆንጅት በራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ሠላሳ አንድ ዓመት ቁልፍ፣ ክርና የልብስ ዘርፍ ሲሸጡ ዕቃውን ሳያዩ ቀብድ ሰጥተው አያውቁም። «ዓይኔ ያላየውን እጄ አይከፍልም» ይላሉ። ከቅዱሳን ጋር የነበራቸውም ውል ያው ነው። ጉልበታቸውን ባመማቸው ጊዜ ለአርሴማ አንድ እሽግ ጧፍ ተሳሉ፤ የተሻላቸው አንዱ ጉልበት ብቻ ነበርና ግማሽ እሽግ አስገቡ። ይህን የሚያወሩት ሳያፍሩ ነው።

ባለፈው የካቲት አንድዬ ልጃቸው ራጉኤል የጭነት መኪና ይዞ ወደ ሰሜን ወጣ፤ መንገዱም ተዘጋ፣ ስልኩም ተዘጋ። በሰላም ከገባላቸው ብለው ለገብርኤል ወርቀዘቦ ጥላ ተሳሉ። ጥላውን በገዛ እጃቸው ሰፍተው፣ ከሱቃቸው ምርጡን ዘርፍ ዙሪያውን አልብሰው፣ አልጋ ሥር አስቀመጡት። አስር ወር አለፈ።

የገና ጾም በገባ በሳምንቱ ደግሞ የግቢያቸው በር ቀይ ቀለም ተቀባ። ሰፈሩ ሊፈርስ ነው። ከግማሽ የሚበልጠው ጎረቤት አስቀድሞ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል፤ የእሳቸው ተራ ከገና በኋላ ነው። ለቤቱስ ብዙም አላዘኑም፣ ድሮም ያፈስ ነበር። ልጁ ቢመጣ የቱን በር ያንኳኳል? እንቅልፍ የነሳቸው ይህ ነው።

የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ጥላውን ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ለጠየቃቸው ሁሉ «ቤት ስንለቅ መኪና ላይ ይሰበርብኛል» አሉ። እውነትም ይሰበር ይሆናል። ግን ጥላው አልጋ ሥር በቆየ ቁጥር ልጃቸው እየራቀ የሚሄድ መስሏቸው ነበር፤ ይህን ለማንም አልተነፈሱም።

ስለት ተቀባዩ አቶ ገብረትንሣኤ ከማለዳ ጀምሮ ስም ሲጠራ ድምፁ ሰልሏል። «ምን ብለው ነበር የተሳሉት፣ እናቴ?» አላቸው ቀና ሳይል።

«ልጄ በሰላም እንዲገባልኝ።»

ገባልዎት ወይ ብሎ አልጠየቀም። ምን ብሎ ይጠይቃል? ያልደረሰ ስለት ይዞ የመጣ ሰው በዕድሜው አላየም። ማይኩን አንስቶ፣ «እናታችን ወይዘሮ ቆንጅት ልጃቸው በሰላም ስለገባላቸው ይህን የመሰለ ጥላ አምጥተዋል፤ እልል በሉላቸው» አለ። ቅጥሩ በእልልታ ተናወጠ። ለአንድ ክንድ ክር ከጅምላ ነጋዴ ጋር ግማሽ ቀን የሚሟገቱት እትዬ ቆንጅት አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ገጠሙት። ያን ያህል ሕዝብ በልጃቸው ሲደሰት ሰምተው አያውቁም፤ ደስ አላቸው፣ ደስ በማለታቸውም አፈሩ።

ፒያሳ ላይ ወሬን የሚቀድም እግር የለም። እሳቸው እያዘገሙ ቤት እስኪደርሱ ጎረቤታቸው እንቁ ለተበተነው ሰፈርተኛ ሁሉ ደውላ ጨርሳለች። ከሰዓት በኋላ ሰዉ ሁለት ሁለት ታክሲ እየቀያየረ መጣ። አንዱ የጾም ወጥ በሳሕን ሸፍኖ፣ ሌላው ለስላሳ በሣጥን አሸክሞ ደረሰ። በሩ ከተቀባ ወዲህ ይህ ሁሉ ሰው ለለቅሶ እንኳ ተሰብስቦ አያውቅም። እየገባ የሚጠይቀው ግን አንድ ነገር ነው፤ «የታል?»

«አልመጣም» አሉ እትዬ ቆንጅት። አስር ወር ሙሉ «ይመጣል» እንጂ ይህችን ቃል ተናግረዋት አያውቁም። እንደተናገሯትም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።

«ታዲያ ምነው ከፈሉ?» አለች እንቁ፣ ከድንጋጤዋ የተነሳ ቆጣ ብላ። «ስለት እኮ ሲደርስ ነው የሚከፈለው፣ እትዬ።»

«እስካሁን ደጅ የጠናሁት እኔ ነኝ፤ ከእንግዲህ ደግሞ ገብርኤል ይጨነቅበት» አሉ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ደግሞስ እሱ ለድንግል የምሥራች ያላት ልጁ ሳይወለድ አይደለም? እኔ ቀድሜ ብደሰት ለምን ይገርመዋል?»

ከበር በኩል አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው፤ ሌሎቹም ተከተሉት፣ ዓይናቸው እንደረጠበ። ያመጡትን ምግብ አቀረቡና በሉ። መቼም ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ድረስ የተጓዘ ሰው ጦሙን አይመለስም።

ከበሉ በኋላ እትዬ ቆንጅት ስልካቸውን ለእንቁ አቀበሏት። «ለራጉኤል ጻፊልኝ። ከገና በኋላ ቤታችን የካ አባዶ፣ ብሎክ አስራ አራት፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው በይው።»

እንቁ ጽፋ ስታበቃ ጣቷ መላኪያው ላይ ቆመ። «እትዬ፣ ይህ ቁጥር እኮ ዝግ ነው።»

«ሲከፍተው ያገኘዋል» አሉ። «ስለትህ ተከፍሏል፣ ሰፈሩም እልል ብሎ ጨርሷል፤ እንዳታሳፍረኝ ብለሽ ጨምሪበት።»