ሞገስ ከዳሽቦርዱ ያወጣው

ሞገስ ጭሮ ላይ መኪና መጠገን ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ ችግሩ አፉ ነው። መኪናው ገና ጋራዡ በር ላይ ሲቆም፣ ኮፈኑ ሳይከፈት፣ በሽታውን ይናገራል። ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ያበላሸውም ይኸው ነው።

ትናንት ከሰዓት የሐጂ ታጁዲን ነጭ መኪና መጣች። የኤሲዋ የሙቀት ማስተካከያ ቀይ ላይ ደርቆ ቀርቷል። ሹፌሩ ኢዘዲን የሐጂን ባለቤት ኡምኩልሱምን ከሐረር ሚኤሶ ሲያደርስ፣ ቁሉቢ ላይ ብርዱ ቢጠና ሙቀት ከፈተ፤ ቆላው ውስጥ ሲገቡ ልመልሰው ቢል ማስተካከያው አልዞር አለ። ማራገቢያው ጠፍቶም ሙቀቱ መግባቱን አልተወም። የደም ግፊት ያለባቸው ሴትዮ መንገድ ላይ ራሳቸውን ሳቱ። ነፍሳቸው ተርፋለች፤ የሐጂ ንዴት ግን አልበረደም።

«ምን ሆኖ ነው?» አሉ ሐጂ።

ሞገስ በመስኮት አየት አደረገ። ኢዘዲን እንደሚቅም ያውቃል፤ ጭሮ ላይ ማን አይቅምም?

«ገረባ ነው» አለ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት። «እየነዳ ሲቅም የጣለው የጫት ትራፊ በአየር ማውጫው ገብቶ ነው።»

ሐጂ ወደ ሹፌሩ ዞሩ። «ነገ ጠዋት ይከፈታል። ጫት ከወጣ ቁልፌን ታስረክባለህ።»

«ወላሂ፣ መኪና ውስጥ ቅሜ አላውቅም!» አለ ኢዘዲን። ማን ሰምቶት። ሚስቱ ሹክሪያ ከወለደች ወር እንኳ አልሞላትም።

ዛሬ ጠዋት ሞገስ ከዳሽቦርዱ ሥር በጀርባው ተንጋሏል። ሐጂ በርጩማ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ፤ ኢዘዲን ቆሞ ጥፍሩን ይበላል። ሞገስ ብሎኖቹን ፈታ፣ ከማስተካከያው የሚመጣውን ገመድ ሳበው። ገመዱ ደህና ነው። እጁን ወደ ማሞቂያው ሳጥን ሰደደ። ትኩሱንና ቀዝቃዛውን አየር የምትለየው ትንሽ በር ማጠፊያ ላይ አንድ ነገር ተወትፏል። ለስላሳ ነው። ቅጠል አይደለም።

ጫፉን ጎተት አድርጎ በባትሪ አየው። ቢጫ አበባ ያለበት ጨርቅ። የሚስቱ የማሚቴ አሮጌ ቀሚስ ነው፤ እሱ ራሱ ቀዳዶ የእጅ መጥረጊያ ያደረገው። ከሁለት ወር በፊት የዚችኑ መኪና የሚያፈስ የማሞቂያ ቱቦ ሲቀይር ረስቶት ኖሯል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው።

ወደ ሐጂ ሰረቅ አድርጎ አየ።

«አገኘኸው?» አሉ ሐጂ።

ጨርቁን ነቅሎ እጅጌው ውስጥ ወሸቀ። «ዝገት ነው ሐጂ። ገረባ የለም፤ ተሳስቻለሁ።»

ውሸቱ ደህና ውሸት ነበር። ልጁ ከሥራው አይባረርም፣ የእሱም ስም አይጠፋም። ማስተካከያውን ሲያዞረው ልስልስ ብሎ ወደ ሰማያዊው ሄደ፤ ቀዝቃዛ አየር ነፈሰ።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሐጂ። «ሰው ማለት እንዲህ ነው! ሌላ ሜካኒክ ቢሆን ተሳሳትኩ ይላል?»

ኢዘዲን ጎንበስ ብሎ የሞገስን ግራሶ የለበሰ እጅ ሳመው። «አባኮ» አለ፤ በእናቱ ቋንቋ አባቴ ማለቱ ነው። «ቤቴን አዳንክልኝ።»

ይህችን አልቻላትም። ስድብ ቢሆን ይችል ነበር። ጨርቁን ከእጅጌው መዝዞ ኮፈኑ ላይ አኖረው።

«የኔ ነው» አለ። «ያኔ ስጠግን የረሳሁት እኔ ነኝ። አሁንም ደብቄው ነበር።»

መቁጠሪያው ቆመ። ሐጂ ብዙ ካዩት በኋላ ተነሥተው ቁልፉን ለኢዘዲን ሰጡት፣ የኋላ ወንበር ላይም ገቡ። መኪናዋ ከእንግዲህ ሂርና ከተማ፣ ሌላ ሜካኒክ ዘንድ እንደምትጠገን ሞገስ ገባው።

ኢዘዲን ሞተሩን አስነሥቶ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር።

«ጋሼ ሞገስ፣ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም። ሹክሪያ ሕፃኑን ታቅፋ ስታለቅስ ነው ያደረችው። እኔን አላመነችም፤ ሞገስ ካለ እውነት ነው አለችኝ።»