ከእማማ የተደበቀው የሾፌሩ ሞት

ሰው መግደል ቀላል መሆኑን ያወቅሁት ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤቴ ውስጥ፣ ሻይ እየጠጣሁ ነው። የገደልኩት ሾፌር ነበር። ደግነቱ በሕይወት ኖሮ አያውቅም፤ እኔው የፈጠርኩት ሰው ነው። በአዘቦቱ ቀን የሰው ወረቀት እተረጉማለሁ፤ ዓርብ ዓርብ ግን የሾፌሩን ታሪክ በድምፄ ቀድቼ ናይሮቢ ላለን ሐበሾች የስልክ ግሩፕ እልካለሁ። ይህን ስጀምር ለአንድ ወር ብዬ ነበር፤ ሦስት ዓመት አለፈው።

ሾፌሩ ከሞያሌ ናይሮቢ በጭነት መኪና የሚመላለስ ሽማግሌ ነው። ሲበዛ ውሸታም ነው። ፖሊስ ባስቆመው ቁጥር አንድ አክስት ይሞትበታል፤ እስካለፈው ዓመት ድረስ ሠላሳ አንድ አክስት ቀብሯል። ግመል መንገድ ላይ ቆማ ሊፍት ጠየቀችኝ ብሎ በማርያም ይምላል። የሰው ተራ ይቀማል። በገባበት ምግብ ቤት ሁሉ ወጡ ጨው በዛው ብሎ ያማርርና ሳህኑን ጠርጎ ይበላል። ሰው ታዲያ እንደ አጎቱ ይወደዋል። ብዙ ሐበሻ ወዳለበት ኢስትሊ ሰፈር ስሄድ ሰላም ሳይሉኝ "ሰውዬው እንዴት ነው?" ይሉኛል። እኔ እንዴት እንደሆንኩ የሚጠይቀኝ የለም። ይሄ ትንሽ ያናድደኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ከአድማጮቼ ሁሉ የባሱት እማማ ናቸው። እማማ ኢስትሊ ውስጥ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ስልካቸውም ቁልፉን እየተጫኑ የሚደውሉበት አሮጌ ነው። ስለዚህ ዓርብ ለሕዝቡ የላክሁትን ቅዳሜ ከሰዓት ሱቃቸው ድረስ ይዤላቸው እሄዳለሁ። ከበርበሬው ከረጢት አጠገብ ዱካ ላይ ያስቀምጡኛል፣ ደንበኛውን ዝም ያሰኛሉ፣ እኔ እያስነጠስኩ ታሪኩን በስልኬ አሰማቸዋለሁ። እናቴን ያጣሁት በልጅነቴ ነው። በዚህ ከተማ እንደ እሳቸው ደጅ የምወደው ደጅ የለኝም።

ከሁለት ዓመት በፊት የእማማ ታናሽ ወንድም ደሴ ላይ ሞተ። ወሬው በስልክ የደረሰው ጎረቤታቸው ለሆኑት ለሐጂ ነው፤ ሐጂ ከእማማ ሱቅ ጎን ጨርቅ የሚሸጡ፣ የእማማም የአገር ልጅ ናቸው። እንደ ወጋችን መርዶ በስልክ አይነገርም። ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ንጋት ላይ ሄዶ፣ አስቀምጦ ነው የሚያረዳው። ጊዜው እስኪመች ይደበቃል። መጀመሪያ እማማ ጾም ላይ ናቸው ተባለ። ከዚያ በዓል መጣ፣ ከዚያ ደም ግፊታቸው ተነሣ። እንዲህ ስንል አሥራ አራት ወር ሄደ። ወንድምዬው ጠበል ገብቷል፣ ኔትወርክ የሌለበት ገጠር ነው፣ ሰላም ብሎዎታል እንላቸው ነበር። እኔም ሰላምታውን አድርሻለሁ። ሹራብ ሊገዙለት ሲወጡም አብሬ ሄጄ ቀለም መርጫለሁ፤ ቡናማ ነበር።

በመጨረሻ አንዲት ደንበኛ እማማ የተረዱ መስሏት፣ ሽሮ እያስመዘነች "እግዜር ያጽናዎት" አለቻቸው። እማማ ሽሮውን መዝነው ጨረሱ፣ ፌስታሉን ቋጠሩ፣ ከዚያ ሱቃቸውን ዘግተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሲያለቅሱ ያየ ሰው የለም። እኛም አንዴ ሰምተዋል ብለን፣ ሄደን በወጉ አላረዳናቸውም። በሳምንቱ እኔን አስጠሩኝ።

"ሁለተኛ የሞተ ሰው እንዳትደብቂኝ" አሉኝ። "ማይልኝ።"

ማልኩ።

"ደብቀሽ ያገኘሁሽ ቀን ደጄን አትረግጪም።"

እማማ ያሉትን የሚያደርጉ ሴት ናቸው።

ታዲያ ሾፌሩን ምን አስገደለኝ? ላቪንግተን ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ ጸሐፊዎች ይሰበሰባሉ፤ አንድ ቀን ሄድኩ። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ወጣት ታሪኬን ሰማችና "አንቲ፣ ካራክተርሽ እኮ ኔቨር አይሞትም። ሶ፣ ሰው ለምን ይፈራለታል?" አለችኝ። ካፑቺኖዬ መረረኝ። እውነቷን ነው፤ መኪናው ሦስት ጊዜ ተገልብጧል፣ ጎርፍ ወስዶታል፣ አንበሳ አሳዶታል፣ አንድ ጥርስ እንኳ አልጎደለውም። ታላላቆቹ ደራሲዎች የሚወዱትን ሲገድሉ እኔ ማን ነኝና እራራለሁ አልኩ። ደግሞም አዲስ አክስት መፈልሰፍ ታክቶኝ ነበር።

ገደልኩት። መኪና የሚመዘንበት ጣቢያ ሰልፍ ላይ፣ ሞተሩን አጥፍቶ መሪው ላይ ደገፍ እንዳለ። ዕድሜውን ሙሉ ተራ ሲቀማ የኖረ ሰው ተራውን ሲጠብቅ ሞተ። ይቺን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ከወንበሬ ተነሣሁና ቤቴን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ኩራት ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

ዓርብ ከሰዓት ላክሁት። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ስልኬ መጮኽ ጀመረ። "አይበላ፣ አይጠጣ፣ ቤት ኪራይ አይጠይቅሽ፤ ምን አድርጎሽ ነው?" አለችኝ አንዲት ሴት። አንዱ ሬሳው ሞያሌ ይሄዳል ወይስ እዚሁ ይቀበራል ብሎ ጠየቀ። የዕድራችን ዳኛ ድንኳኑ በዚህ ሳምንት ነፃ መሆኑን አስታወቀ፤ ቀልድ ይሁን ቁም ነገር እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እዚሁ ያደጉት ልጆች በስዋሂሊ ሲያጽናኑኝ "ፖሌ ሳና፣ አንቲ" እያሉ የሚያለቅስ ፊት ላኩልኝ። ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ። ግማሹ፣ ደራሲ የፈጠረውን ሰው የመግደል መብት የለውም አለ፤ ሕዝብ ከወደደው የሕዝብ ነው። ግማሹ ደግሞ ሞት የሌለበት ታሪክ የሕፃን ተረት ነው አለ። እኔ በልቤ ከሁለተኞቹ ጋር ነበርኩ። የማይሞት ሰው ቢስቅም ቢዋሽም አያሳሳም። አንድ ሽማግሌ ግን ክርክሩን ሁሉ ትተው "መሞቱስ ይሙት፤ ሰው እንዲህ በስልክ ይረዳል? ወግ የለሽም?" ብለው በድምፅ ገሠጹኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሐጂ ደወሉ።

"ዛሬ ለእማማ ልታሰሚያት ነው?"

"አዎ።"

"እንዳታደርጊው። ሁዳዴ ላይ ነች። ፋሲካ ይለፍና ሰብሰብ ብለን በወጉ እናረዳታለን።"

"ሐጂ፣ ሰውዬው እኮ የለም።"

"ሞተ አልሽ አይደል? ያልነበረ ሰው እንዴት ይሞታል?"

"እንዳልደብቃቸው ምያለሁ" አልኳቸው።

"የማልሽው ለእውነተኛ ሰው ነው፤ ይሄ ተረት ነው" አሉኝ፣ አሁን ያሉትን ረስተው።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ሐጂ ስለ እማማ ደም ግፊት ሲነግሩኝ ፈራሁ፤ እውነቱን ለመናገር፣ የእማማን ፊት ከማየት መዋሸት ቀለለኝ። እዚያው ተቀምጬ አዲስ ታሪክ ቀዳሁና ሾፌሩን ለአንድ ሰው ብቻ ከሞት አስነሣሁት።

ፋሲካ አለፈ። ከፋሲካ በኋላ ደም ግፊት መጣ። ከደም ግፊቱ በኋላ ሐጂ ራሳቸው ጉንፋን ያዛቸው፤ ያለ እሳቸው ደግሞ መርዶ አይሆንም ተባለ። በየቅዳሜው የሙት ታሪክ ይዤ ኢስትሊ እወርዳለሁ። ሽሮ ሊገዛ የገባ ሁሉ ሳይጠየቅ "ሾፌሩ ደኅና ነው" ይላል። ሰው እንዲህ ሲተባበር አይቼ አላውቅም፤ ለመልካም ነገር ቢሆን ኖሮ ስንት ነገር በሠራን።

ችግሩ ታሪኩ ላይ ነበር። የገደልኩትን ሰው እንደገና ማስዋሸት አንጀቴ እምቢ አለኝ። ለፖሊሱ እውነቱን ተናገረ። ተራውን ጠበቀ። ወጡ ጨው በዝቶበት ዝም ብሎ በላና የአብሳይዋን እጅ መረቀ። እኔ ያሳመርኩት መስሎኝ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ በስድስተኛው ቅዳሜ፣ ታሪኩ ገና ከመጀመሩ እማማ እጃቸውን አነሡ።

"ዝጊው" አሉ። "ይሄ ሰውዬ ከሞተ ስንት ጊዜው ነው?"

ስልኩ ከእጄ ወድቆ በርበሬው ከረጢት ውስጥ ገባ። እያወጣሁት፣ ዓይኔ እያነባ፣ "ማን ነገረዎት?" አልኩ።

"ማንም። ሰውዬው ደግ ሆነ።"

ስልኩን አራግፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

"ወንድሜ ደውሎልኝ ሳንጣላ ስልክ ዘግተን አናውቅም" አሉ፣ እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ። "አገር ለቀሽ ሄድሽ ብሎ ይጀምራል፣ እኔ እመልሳለሁ፣ እንዲሁ ስንነታረክ ካርዱ ያልቃል። ድንገት 'ሰላም ብሎዎታል፣ መርቆዎታል፣ ይጸልዩልኝ ብሏል' ማለት ጀመራችሁ። አሥራ አራት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣኝም። እንዴት አይገባኝ?"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"የሚያረዳኝ ሳይመጣ በምን ወግ ላልቅስ?"

"ሹራቡስ?"

"ምን ላድርግ፣ ቀለም ስትመርጪልኝ።"

ብስቅ ደስ ባለኝ፤ ግን አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ዱካውን ወደ ቦታው መለስኩና ቦርሳዬን አነሣሁ። ያስማሉኝን አልረሳሁም፤ የመጨረሻዬ ነው ብዬ በሩን እያየሁ ነበር።

"የት ነው? አልጨረስኩም" አሉ እማማ። "ሰኞ ንጋት ላይ ሐጂንና ሌሎቹን ይዘሽ ቤቴ ነይ። በወጉ አርዱኝ። ካላመጣሻቸው ያን ጊዜ አትምጪ።"

ሰኞ ከኪሌሌሽዋ በታክሲ ስወርድ ሰማዩ ገና አልለየለትም ነበር። ነጠላ መልበሴን አይቶ ባለታክሲው ማን ሞቶብሽ ነው አለኝ። "ሾፌር" አልኩት። "ፖሌ" ብሎ ሬዲዮውን ዘጋና ቀስ ብሎ ነዳ። ኢስትሊ ስደርስ ሐጂ እያሳሉ፣ የዕድሩ ዳኛ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ሁለት የግሩፑ ሴቶች ንፍሮ ተሸክመው ከደጅ ቆመዋል። አንደኛዋ ለማንም ይሁን ለማን ባዶ እጅ ለቅሶ አይሄድም አለችኝ። ሳቄ መጣ፤ እሷም ሳቀች፤ ሐጂ ገላመጡን።

እማማ በሩን ከፈቱ። ለብሰው፣ አንጥፈው፣ ጠብቀውናል። ተቀመጥን። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እህቴ፣ እንግዲህ ሁላችንም የዚያው መንገድ ተጓዦች ነን። ያ ስንወደው የኖርነው ሾፌር..."

"እሱ ይቆየን" አሉ እማማ። "መጀመሪያ ወንድሜን አርዱኝ።"

ሐጂ ከወንበራቸው ወርደው ምንጣፉ ላይ ከእማማ ፊት ተቀመጡና፣ የሞተበትን ቀን፣ ሰዓቱን፣ ዓይኑን የከደነለትን ሰው፣ የተቀበረበትን ደብር አንድ በአንድ ነገሯቸው። እማማ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ወንድማቸውን በስሙ ጠሩት።